የወፍ ምስክርነት፤ የገዢ ቃል እስከ ምን ይታመናል?

ሰኔ ገብቶ የቆላው መሬት ዝናብ መጠጣት ሲጀምር የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ገለጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ አረም፣ ዝናቡ ሲወጣም ለአጨዳ፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከሌላም አካባቢ በየዓመቱ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ አደባባይዋን ያጥለቀልቀዋል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ «ሳሉግ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ወዛደር ጎሕ ሲቀድ በቡድን በቡድን ቆሞ ከባለሀብቱ ወይም ከወኪሉ ጋር በዋጋ ይከራከራል። የዋጋው ክርክር ለማንም የሚሰማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚካሄድ ሌላ ምርመራ አለ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረደው ጎረምሳ አምና የነበረውን የአገሩን ልጅ ፈልጎ ያገኝና፣ «የእገሌ እርሻ እንዴት ነው? እህሉ ይበላል ወይ? ውኃ የምትጠጡት ከየት ነው? ሒሳብ ሲደርስ ቃላቸውን ይጠብቃሉ?» እያለ ይጠይቀዋል።

ጠያቂው በእጁ የያዘው ሌላ ማስረጃ የለም። እርሻው ሩቅ ነው፤ ቀምሶ መመለስ አይቻልም። መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ የሰማው ቃል እውነት ከሆነ ገንዘብ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሐሰት ከሆነ የአንድ ወቅት ጉልበቱን፣ አንዳንዴም ጤናውን ይከፍልበታል። ወባና ካላዛር በዚያ ቆላ የወሬ ነገር አይደሉም። እንግዲህ ይህ ወጣት የሌላውን ሰው ቃል ሲመዝን በምን ይመዝነዋል? የቀመሰ ሰው ቃል ላልቀመሰው እምነት የሚጣልበት የሚሆነው መቼ ነው?

ይኸው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ በዚያው ወጣት ኪስ ውስጥ ይገኛል። ስልኩን ከፍቶ ጨዋታ ለማውረድ ሲሻ በጉግል ፕሌይ መደብር ከጨዋታው ስም ሥር ኮከቦች ተደርድረው፣ ከኮከቦቹም ሥር የማያውቃቸው ሰዎች ቃል ተጽፎ ያገኛል። አንዱ «ግሩም ነው፤ አውርዱት» ይላል፤ ሌላው «ጊዜያችሁን አታባክኑ» ይላል። የቪዲዮ ጨዋታ ተራ መዝናኛ ስለ ሆነ የፍልስፍና ጥያቄ አይሸከምም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የቪዲዮ ጨዋታ ሥዕልን፣ ሙዚቃን፣ ትረካንና ድራማን ያጣመረ የጥበብ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ደግሞስ ይህን ያህል ብዙ ምስክር፣ ይህን ያህል ትንሽ ስለ ሆነ ነገር ቃሉን የሚሰጥበት ሸንጎ ከዚህ በፊት የት ታይቶ ያውቃል? ጉዳዩ ትንሽ በመሆኑም ፍርሃትና ደም ሳይጋርዱት ምስክርነት ራሱ ምን እንደ ሆነ አጥርቶ ለማየት ይመቻል።

በኮምፒዩተር ጨዋታ ሽያጭ ስሙ የገነነው መደብር ስቲም ይባላል። ባለቤቱ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ገዢዎች አስተያየታቸውን የሚጽፉበትን ሥርዓት የዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስቲም ኮከብ አያስቆጥርም፤ ይህን ጨዋታ ለሌሎች ትመክራለህ ወይስ አትመክርም ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መልሶቹን ደምሮ በመቶኛ ያሰላና ድምዳሜውን በጥቂት ቃላት በጨዋታው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ቃሉን የሚሰጠው ሰው ጨዋታው በስሙ የተመዘገበለት መሆን አለበት፤ በነፃ አግኝቶት ከሆነም ይጠቀሳል። ከአስተያየቱ አጠገብ ደግሞ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደ ተጫወተ ይታያል። ይህች የሰዓት ቁጥር እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም። ዳኛ ምስክርን አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ቆመህ አየህ?» ብሎ ነው፤ የሰዓቱ ቁጥር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። 3 ሰዓት የተጫወተና 300 ሰዓት የተጫወተ እኩል አላዩም። (300 ሰዓት ተጫውቶ «አይረባም» የሚል ምስክርም ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ምን ይሉታል? ምናልባት ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ምናልባትም የተናደደው በጨዋታው ሳይሆን በባከነው ዕድሜው ላይ ነው።)

እዚህ ላይ ሂስንና ምስክርነትን መለየት ተገቢ ይሆናል። ሃያሲ የሚናገረው ስለ ሥራው ነው፤ ምስክር የሚናገረው ስለ ደረሰበት ነው። የሃያሲን ቃል ለመመርመር የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ፣ ሥዕሉ ፊት ቆሞ፣ ሙግቱን ከሥራው ጋር ማስተያየት ይችላል። የምስክር ማስረጃ ግን ራሱ ምስክሩ ነው። ስለዚህ ሃያሲ ቢሳሳት ሙግቱ ይወድቃል፤ ምስክር ቢዋሽ ሰውነቱ ይወድቃል። በጨዋታ መደብሮች የሚታየው አንዱ ድንግርግር ለምስክርነት የተጠራው ሰው የሃያሲን ካባ ደርቦ መቅረቡ ነው። «የዘመናችን ድንቅ ሥራ» የሚለው ቃል ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። «ስልኬ አሮጌ ነው፤ ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ይቆማል፤ በየደቂቃው ማስታወቂያ ይመጣል» የሚለው፣ ምንም ጌጥ የሌለው ዐረፍተ ነገር ግን ሙሉ ምስክርነት ነው። በገለጉ አደባባይም አምና የሠራው ሰው «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ቢል ጠያቂው አይረካም። «ማሽላው ነቀዝ ነበረው፤ ገንዘቡን ግን በዕለቱ ቆጥረው ሰጡን» ሲለው ነው ጆሮውን የሚያቀናው። ነቀዙን የነገረው ሰው ስለ ገንዘቡ የተናገረው ይታመናል።

ሐሰተኛ ምስክር ይህንንም አሳምሮ ያውቃል። ሠራተኛ መስሎ፣ ከሠራተኛው ጋር ቆሞ የአንዱን እርሻ መልካምነት የሚያወራ፣ ባመጣው ሰው ቁጥር ልክ ግን ከባለሀብቱ የሚቀበል ደላላ ሊገጥመው እንደሚችል ወደ ቆላ የወረደ ሁሉ ይጠረጥራል። በጨዋታው ዓለም ይኸው ሥራ በውል ሰፍሮ ተገኝቷል። ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር» የተባለውን ጨዋታ ለገበያ ሲያቀርብ በዩቲዩብ ብዙ ተመልካች ላላቸው ሰዎች ከመቶዎች እስከ አሥር ሺዎች የሚደርስ ዶላር እየከፈለ እንዲያወድሱት አድርጎ ነበር። ስለ ጨዋታው መጥፎ ነገር እንዳይናገሩ፣ ጉድለቱንም እንዳያሳዩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ ተመልካቹ ግን የተከፈላቸው መሆኑን በሚገባ እንዲያውቅ አልተደረገም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ክስ አቅርቦ ጉዳዩ በ2016 በስምምነት ተቋጨ። ያው ኮሚሽን በ2024 የሐሰት የገዢ አስተያየት መግዛትንና መሸጥን፣ በኮምፒዩተር የተፈበረከውንም ጨምሮ፣ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጎቹ መልካም ናቸው። ይሁንና ሕግ የሚሠራው የሚያዝ ሰው ሲገኝ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ሌሊት ሺህ ምስክር፣ ለእያንዳንዱም የየራሱን አነጋገርና የየራሱን ቁጣ ሰጥቶ ሊያስነሣ ይችላል። እንግዲህ የምስክር ብዛት ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

ታዲያ መፍትሔው እያንዳንዱ ሰው በስሙ እንዲናገር ማድረግ ነው? ብዙዎች ይህን ይላሉ። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ስም የለሽ ምስክርም ኢንተርኔት የፈጠረው አይደለም።

በጥንቱ የአውጫጭኝ ወይም የአፈርሳታ ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሥፍራ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል። የመጣውም ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ እርሻውና ወደ ከብቱ አይመለስም። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሬው በጋራ ካሣ ይከፍላል። በዚህ ጭንቅ መካከል ያየውን ፊት ለፊት ለመናገር የሚፈራ ሰው ቃሉን በስውር ያደርስ ነበር፤ እንዲህ ያለው ስውር ጠቋሚም «ወፍ» ይባል ነበር። «ወፍ ነገረኝ» የሚለው አነጋገር ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም።

የወፍ ምስክርነት ክፉም በጎም ገጽ ነበረው። ድሀው የባለጉልበቱን ልጅ «ሌባ ነው» ብሎ በሸንጎ ፊት ሊናገር አይችልም፤ ተናግሮም በሰላም አያድርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ወፍ መሆን እውነትን የመናገሪያ ብቸኛ መንገድ ነበር። በዚያው ልክ የድንበር ቂም ያለው ሰው በወፍ ክንፍ ተከልሎ ጎረቤቱን ማስበላት ይችል ነበር። እንግዲህ ስም መደበቁ በራሱ ክፋትም ደግነትም አልነበረም፤ ወሳኙ ነገር የወፉን ማንነት የሚያውቀው ማን መሆኑ ነበር። ወፉ ለተሰበሰበው ሕዝብ ወፍ ይሁን እንጂ ቃሉን ለተቀበለው ሽማግሌ የእገሌ ልጅ እገሌ ነው። መሬቱ ከማን መሬት ጋር እንደሚዋሰን፣ ባለፈው ዓመት በምን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ሽማግሌው ያውቃል። ሽማግሌውም የዚያው አገር ሰው ነውና በሐሰት ጥቆማ ንጹሕ ሰው ቢጠፋ ነገ በዚያው መንደር፣ ከሟች ወገን ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ስም የለሹን ቃል የሚሸከመው ይህ የሽማግሌው መያዣነት ነበር።

የጨዋታ መደብሩ መመዘን ያለበት እዚህ ላይ ነው። አንባቢው የሚያየው የቅጽል ስም ነው። ከቅጽል ስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ጨዋታውን በእርግጥ ገዝቶ እንደሆነ፣ በአንድ ቀን ስንት ጨዋታ እንዳወደሰ፣ ከየት አገር እንደሚጽፍ የሚያውቀው መደብሩ ብቻ ነው። ሽማግሌው መደብሩ ነው ማለት ነው። ይህ ሽማግሌ ደግሞ ባለጥቅም ነው፤ ስቲም በመደበኛው ስሌት ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 ከመቶ ይወስዳል፤ ሽያጫቸው በብዙ ሚሊዮን ዶላር ለሚቆጠር ጨዋታዎችም ከ2018 ጀምሮ ድርሻውን ወደ 25ና ወደ 20 ከመቶ ዝቅ ያደርጋል። በሸንጎው ላይ የተቀመጠው ዳኛ ከገበያው የሚበላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሽማግሌ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች ነፃ ቁልፍ እያደሉ ምስጋና እንደሚሰበስቡ በታወቀ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከስቲም ውጭ በተገኘ ቁልፍ የገቡ ሰዎች ቃል ከድምሩ እንዲወጣ ወስኗል። ውሳኔው ሐሰተኛውን ሲመታ እውነተኛውንም አብሮ መታ፤ ጨዋታው ገና ሳይሠራ ገንዘባቸውን አዋጥተው ያሠሩት ደጋፊዎችም የገቡት በቁልፍ ነበርና ድምፃቸው ከቆጠራው ወጣ። በ2019 ደግሞ ከጨዋታው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት በዘመቻ መልክ የሚጎርፍ ነቀፌታ ሲያጋጥም የዚያን ሰሞን ቃል ከድምሩ ማውጣት ጀመረ። ፍላጎቱ ከገዢው ፍላጎት ጋር በከፊል ይገጥማል፤ ደጋግሞ የሚያታልል መደብር ደንበኛ አያቆይም። ግን በከፊል ነው። ለመደብሩ የሚበጀው እውነት ገዢውን ከአንዱ ጨዋታ አውጥቶ ወደ ሌላው ጨዋታ የሚወስደው እውነት ነው። «ቤትህ ተቀመጥ፤ ዘንድሮ ምንም አትግዛ» የሚለውን እውነት ሊወደው አይችልም። እንደ ገለጉው ሽማግሌ መንደሩ ውስጥ አብሮ አያድርምና።

ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዘ ነቀፌታ የቱ ነው? ይህን መወሰን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በ2017 «ፋየርዎች» የተባለውን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች በዩቲዩብ የታወቀ አንድ ተጫዋች በቀጥታ ስርጭት የዘር ስድብ ከአፉ በማውጣቱ ቪዲዮውን እናስነሣለን ባሉ ጊዜ የሰውየው ተከታዮች በጨዋታው ላይ የነቀፌታ ናዳ አወረዱ። እነዚህ ምስክሮች አልነበሩም፤ ደቦ የወጡ ባለቂሞች ነበሩ። በዚህ ፍርድ ብዙ ሰው ይስማማል።

የ«ሄልዳይቨርስ 2» ነገር ግን የተለየ ነው። ጨዋታው በየካቲት 2024 ወጥቶ ተወዳጅ ሆነ። በግንቦት መባቻ አሳታሚው ሶኒ በስቲም የገዙት ሁሉ የራሱ የፕሌይስቴሽን መረብ አባል ካልሆኑ መጫወት አይችሉም የሚል ትእዛዝ አወጣ። መረቡ አብዛኞቹን የአፍሪካ አገሮች አያካትትም ነበር፤ ጨዋታውም ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ተወገደ። በሦስት ቀናት ገደማ ከ200,000 በላይ የነቀፌታ ቃል ተመዘገበ፤ ሶኒም ትእዛዙን አነሣ፤ ብዙዎቹም ነቀፌታቸውን መልሰው ወደ ምስጋና ለወጡት። እነዚህ ሰዎች ዋሹ? ጨዋታው በሰኞና በዓርብ መካከል አልተለወጠም፤ የተጠየቁት ግን ጨዋታው ያምራል ወይ ተብለው አልነበረም። «ለሌሎች ትመክራለህ?» ነበር የተባሉት። ነገ ሊዘጋበት የሚችለውን በር ለወንድሙ የማይመክር ሰው እውነቱን ነው የተናገረው። መልሶ ሲከፈት «አሁን ግባ» ማለቱም እውነት ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ የምስክርነቱ ዓምድ የአድማ መሣሪያ መሆኑ። ሌላ የአቤቱታ ሸንጎ ያጣ ሕዝብ የምስክርነቱን ሸንጎ ለአቤቱታ ሲጠቀምበት ጥፋቱ በሕዝቡ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ስለ ጨዋታው ራሱ ማወቅ የፈለገ ገዢ እውነተኛ ሰዎች የጻፉትን፣ እውነተኛ ቁጣ ያዘለውን፣ ለጥያቄው ግን መልስ የማይሰጠውን ሁለት መቶ ሺህ ቃል ፊት ለፊቱ አገኘ።

ምስክርን ጨርሶ የማይፈልግ መንገድም አለ፤ ቆላው ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በመተማ መጋዘን ሲቀበል ስለ ባለቤቱ ስም የሚጠይቀው ገዢ የለም። ናሙና ይወሰዳል፤ ባዕድ ነገሩ ይለያል፣ እርጥበቱና መልኩ ይታያል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ሰሊጡን ሳያይ፣ ሻጩንም ሳያውቅ ደረጃውን አምኖ ይገዛል። ጨዋታም በከፊል ሰሊጥ ነው፤ ይሠራል ወይስ ይቆማል፣ ስንት ጊጋ ባይት ይይዛል የሚለው በናሙና ይለካል። ደስታን የሚለይ ወንፊት ግን አልተሠራም። ስለዚህ በጥበብ ነገር ምስክር አስፈላጊ ሆኖ ይኖራል።

በጥበብ ነገር ደግሞ ከጉቦና ከቂም ይልቅ ለመቋቋም የሚያስቸግር አንድ አሳሳች ነገር አለ፤ ፍቅር። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ንና አገሬው በመሬት ላይ ሲጫወተው የኖረውን ገበጣ ለስልክ አዘጋጅቷል። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ በአገር ልጅ የተሠራ ጨዋታ ከዓለም ጨዋታዎች ጋር ተሰልፎ ሲያይ ልቡ ሞልቶ አምስት ኮከብ ቢሰጥ ዋሸ ይባላል? ማንም አልከፈለውም፤ ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። የሰጠው ቃል ግን ስለ ጨዋታው አይደለም፤ ስለ ራሱ ናፍቆት ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ ያንን አምስት ኮከብ አምኖ አውርዶ ቅር ቢለው፣ ከዚያ በኋላ የአገር ልጅ ሥራ በተመሰገነ ቁጥር ግማሹን ቀንሶ ይሰማል። የሠሪውም ዕጣ የተሻለ አይሆንም፤ የቱ ደረጃ እንደሚያሰለች፣ የቱ ድምፅ ጆሮ እንደሚበሳ የነገረው የለምና ሁለተኛውን ሥራ የሚጀምረው ከዚያው ስሕተት ነው። በሥዕል አውደ ርእይና በመጽሐፍ ምረቃ አዳራሽ ጭብጨባ የጠገበ ከያኒ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሦስት ኮከብ ሰጥቶ ምክንያቱን የጻፈ የአገር ልጅ ከሁሉ በላይ ባለውለታ ነው፤ በሥራው ውስጥ አርቆ ገብቶ ቆይቷልና።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ተናገሩት ነው። ያልተናገሩትስ? በስቲም ቃል ለመስጠት በአብዛኛው መግዛት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ከውጭ መደብር መግዛት ለአብዛኛው ሰው ለረጅም ዘመን የማይሞከር ነገር ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ በተሰበሰበው የዓለም ተጫዋቾች ቃል ውስጥ ከክልሉ ወጣት የተሰማው ኢምንት ነው። «የዓለም ሕዝብ ወደደው» የሚለው ድምር እንግዲህ ካርድ ያለው፣ መብራትና መረብ ያልተቋረጠበት ሕዝብ ድምር ነው። ቆላው ለዚህም ምሳሌ አያጣም። ሰኔ ላይ ገለጉ አደባባይ ቆሞ ስለ አምናው እርሻ የሚናገረው ሰው ዳግም ለመውረድ አቅም የተረፈው ነው። አምና ካላዛር ይዞት ሆዱ አብጦ፣ ከስቶ ወደ አገሩ የተወሰደው ወንድሙ አደባባዩ ላይ የለም። ገንዘቡን ተከልክሎ ተማሮ የሄደውም ወደዚያ ምድር ላለመመለስ የማለ ነው። የተጎዳው እየጎደለ፣ ያልተጎዳው እየተናገረ ሄዶ የእርሻው ስም ከራሱ ከእርሻው ይልቅ መልካም ይሆናል። አንድም ሰው ሳይዋሽ ሐሰት ይጸናል። ሽማግሌ ሊደርስበት የማይችለው፣ አዋጅም የማይይዘው ሐሰት ይህ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ተረትም ሰሚውን የሚያስጠነቅቀው በዋሾ ላይ ብቻ አይደለም።

መረብ በማይበረታባቸው ከተሞች ጨዋታ ከመደብር ይልቅ በዘንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሲተላለፍ ኮከቦቹ አብረው አይመጡም። የሚመጣው የሰጪው ቃል ነው፤ ሰጪውም እዚያው አጠገብ ቁጭ ብሏል፤ «ጥሩ ነው» ያለው ጨዋታ ካልረባ ማታ በዚያው በረንዳ ላይ ይሳቅበታል። ይህ ቃል ጠባብ ነው፤ ሰጪው የሚያውቀው ሦስት ጨዋታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጓደኛውንም ላለማስቀየም ይሸነግል ይሆናል። የመደብሩ ዓምድ ግን ከዓለም ዳር ድረስ የማይሸነግል እንግዳ ያመጣል። ስፋቱ በመደብሩ፣ መያዣው በበረንዳው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሸንጎ ገና አልተገኘም። በስቲም ከአንዳንድ አስተያየት ሥር ጥያቄ መጻፍ ይቻላል፤ መልስ ለመስጠት ግን የሚገደድ ሰው የለም።

የገለጉው ጎረምሳ ይህን ችግር ለመፍታት የተጠቀመበት መንገድ በአንዲት ጥያቄ ያለቀ ነው። አምና የነበረው ሰው ስለ እርሻው ምግብ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ክፍያው መልካም መልካሙን ተናግሮ ሲጨርስ ጎረምሳው ወዲያው አያመሰግንም። ትንሽ ዝም ይልና፣ «ታዲያ አንተ ዘንድሮ ለምን እዚያ አልሄድክም?» ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚያዳምጠው ቃሉን ብቻ አይደለም። ሰውየው ወይ ዓይኑን ይሰብራል፤ ወይ ይስቅና «እውነቱን ልንገርህ» ብሎ እንደ ገና ይጀምራል፤ ወይ ደግሞ ጓዙን ከመሬት አንሥቶ፣ «መኪናው ያው መጣ፤ ና አብረን እንውጣ» ይለዋል።